አልፍሬድ ኒውተን ሪቻርድስና በኩላሊት ውስጥ የሚሰወረው ስኳር

አልፍሬድ ኒውተን ሪቻርድስ እ.ኤ.አ. በ1876 በኒውዮርክ ግዛት፣ ስታምፎርድ በተባለች ስፍራ ከቄስ ቤተሰብ ተወለዱ። በዬል ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1901 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። ከ1910 ጀምሮም በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የፋርማኮሎጂ ፕሮፌሰር ሆኑ።

በኩላሊት ጥናት ውስጥ ያገኙት ክርክር ያረጀ ነበር። በ1840ዎቹ ካርል ሉድቪግ ሽንት የሚጀምረው ከደም በሚጣራ ፈሳሽ ነው ሲሉ፣ ቆየት ብለው ሩዶልፍ ሃይደንሃይን የህዋሳትን አመንጪነት አጎሉ። በጤናማ ሽንት ውስጥ ስኳር አለመታየቱ ለማንኛቸውም አይፈርድም፤ ስኳሩ ከመነሻው አልተጣራም፣ ወይም ተጣርቶ ወደ ደም ተመልሷል። ወጥቶ ያለቀ ሽንት በመመርመር ሁለቱን መለየት አይቻልም።

ሪቻርድስ ከወጣቱ ሐኪም ከጆሴፍ ዌርን ጋር በ1921 የጀመሩት ጥረት ፈሳሹን ከመነሻው ለመቅዳት ነበር። በእንቁራሪት ኩላሊት ግሎሜሩለስ የሚባሉት የደም ሥር ጉንጉኖች ለገጽ ቅርብ በመሆናቸው በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። ተመራማሪዎቹ የአንዱን ከረጢት ጫፉ እጅግ በቀጠነ ቱቦ ወግተው ፈሳሽ ቀዱ። መጠኑ ከ1 ኪዩቢክ ሚሊሜትር ያነሰ ስለነበር የተለመደው የኬሚካል ምርመራ አልበቃም፤ ዘዴውን ለዚያ ጠብታ ማሳነሱ ከመውጋቱ የቀለለ ሥራ አልነበረም። በ1924 የታተመው ውጤት፣ ጠብታው ፕሮቲን ባይኖረውም ስኳርና ክሎራይድ እንደያዘ፣ ከፊኛ በተወሰደው ሽንት ግን ስኳር እንዳልተገኘ አሳየ። ስኳሩ የተሰወረው በመንገድ ላይ፣ በቱቦው ውስጥ ነው ማለት ነው።

ግኝቱ ስኳሩ እንደሚመለስ እንጂ የት እንደሚመለስ አልነገረም። ይህን ባልደረቦቻቸው ዎከርና ሃድሰን በ1937 መለሱት፤ በአምፊቢያን ኩላሊት ስኳሩ ለግሎሜሩለስ ቅርብ በሆነው የቱቦ ክፍል እንደሚመጠጥ፣ ፍሎሪዚን የተባለው ንጥረ ነገርም ይህን እንደሚያግድ አረጋገጡ። አሚኖ አሲዶችም በአብዛኛው የሚመለሱት በዚሁ ክፍል ነው፤ ተሸካሚዎቻቸው ግን ከስኳሩ የተለዩ ናቸው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሪቻርድስ የአሜሪካን የሕክምና ምርምር ኮሚቴ መርተው ለፔኒሲሊን ምርት መስፋፋት ስለሠሩ፣ ብዙዎች የሚያስታውሷቸው በዚህ ነው። የጠብታዋ ሥራ ግን ከዚህ የሚያንስ አይደለም።

ህዋሱ ስኳሩን በገለፈቱ በኩል እንዴት እንደሚያሳልፍ ገና ምስጢር ነበር። ሮበርት ክሬን በ1960 በፕራግ ስኳር ከሶዲየም ጋር ተጣምሮ እንደሚገባ ሐሳብ ሲያቀርቡ መነሻቸው አንጀት ነበር፤ የኩላሊቱ ተመሳሳይ አሠራር በኋላ ታወቀ። ሪቻርድስ በ1966፣ 90 ዓመት በሞላቸው በሁለተኛው ቀን አረፉ።