ደመና ስለ ምን አይወድቅም?
የጆርጅ ጋብሬል ስቶክስ ሕይወት ባጭሩ

ውሃ ከአየር ይልቅ ከባድ እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ይሁን እንጂ ከጥቃቅን የውሃ ጠብታዎች የተሠራው ደመና ከራሳችን በላይ ተንሳፍፎ ይታያል። ሕፃናት ዘወትር የሚያነሡትን ይህን ጥያቄ በሒሳብ የመለሰውን ሊቅ በዚህ እትማችን እናወሳለን።

ጆርጅ ጋብሬል ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1819 በአየርላንድ፥ በስላይጎ አውራጃ፥ ስክሪን በተባለች መንደር ከአንግሊካን ካህን ቤተሰብ ተወለደ። በ1841 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፈተና አንደኛ ወጣ። በ1849 ኒውተን ቀድሞ ይዞት የነበረውን የሒሳብ መምህርነት ወንበር ተቀብሎ እስከ ዕለተ ሞቱ አገለገለበት።

በ1850 ባቀረበው ጥናት የፈሳሾችንና የአየርን ውስጣዊ ሰበቃ፥ ማለትም ዝልግልግነትን፥ መረመረ። ማር ከውሃ ይልቅ በዝግታ የሚፈስሰው ንብርብሮቹ አንዱ ሌላውን አጥብቆ ስለሚይዝ ነው። አየርም እጅግ ባነሰ መጠን ይህ ጠባይ አለው። በአየር ውስጥ የምትወርድ ጠብታ ፍጥነቷ በጨመረ ቁጥር የሚገጥማት ተቃውሞም ይጨምራል፤ ተቃውሞው ከክብደቷ ጋር በተስተካከለ ጊዜ ፍጥነቷ በዚያው ይጸናል። ለጥቃቅን ጠብታዎች ይህ ፍጥነት ምን ያህል እንደ ሆነ ስቶክስ በስሌት አሳየ፤ የጠብታዋ ራዲየስ በግማሽ ሲያንስ ፍጥነቷ ወደ ሩብ ዝቅ ይላል። ራዲየሷ የሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ የሆነ ጠብታ በሴኮንድ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ትወርዳለች። ስለዚህ ደመናን ለመደገፍ ወደ ላይ የሚወጣ ቀላል አየር ይበቃል።

ስቶክስ በ1857 ትዳር ሲመሠርት የኮሌጁ ደንብ ባለትዳሮችን ስለማይቀበል የአባልነት ማዕርጉን ለቀቀ፤ ማዕርጉ የተመለሰለት ደንቡ ከተለወጠ በኋላ ነው። ከ1854 እስከ 1885 ደግሞ የሮያል ሶሳይቲ ጸሐፊ ሆኖ የሌሎችን ጥናት በማንበብና በማረም ደከመ። ለራሱ ምርምር ሊያውለው ይችል ከነበረው ጊዜ ብዙው ለሌሎች ሥራ ዋለ።

በ1903 ዐረፈ። ከስድስት ዓመት በኋላ፥ በ1909፥ አሜሪካዊው ሮበርት ሚሊካን የኤሌክትሮንን ሙል መጠን ለመለካት የዘይት ጠብታዎችን በአየር ውስጥ ሲመረምር የተደገፈው በስቶክስ ሕግ ላይ ነበር። ስቶክስ ይህን ፍሬ በዓይኑ አላየም።

እንግዲህ በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል አንድ ሕፃን ደመና ስለ ምን አይወድቅም ብሎ ቢጠይቀን፥ ዝም አናሰኘው። ደመናስ ይወድቃል፤ ነገር ግን እጅግ በዝግታ ነው ብለን እንመልስለት።