ዶክተር ፐርሲ ጁልያን፥ ከአኩሪ አተር መድኃኒት ያወጡ ሊቅ

ዶክተር ፐርሲ ጁልያን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1899 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፥ በአላባማ፥ በሞንትጎመሪ ከተማ ተወለዱ። አያታቸው በባርነት የኖሩ ሰው ነበሩ። በከተማው ለጥቁር ልጆች የተከፈተ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አልነበረም። ስለዚህ በ1916 ወደ ዴፖው ዩኒቨርሲቲ በገቡ ጊዜ የጐደላቸውን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከዩኒቨርሲቲው ትምህርት ጋራ አጣምረው መማር ነበረባቸው። ቢሆንም በ1920 ከጓደኞቻቸው አንደኛ ሆነው ተመረቁ። በ1931 ደግሞ በቪየና የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበሉ።

በዚያ ዘመን ሐኪሞች አንድ ችግር ነበረባቸው። ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን፥ የሴት እንቍላል ከተለቀቀ በኋላ ማሕፀንን ለጽንስ ያሰናዳል፤ ጽንስ ካልተገኘ መጠኑ ይቀንስና የወር አበባ ይመጣል። ሆርሞኑ ሲጐድል የወር አበባ ይዛባል ወይም ይቀራል፤ መፅነስም ያስቸግራል። መድኃኒቱ ግን የሚገኘው ከብዙ ሺህ አሳማዎች የእንቍላል እጢ ስለ ነበረ፥ እጅግ ጥቂትና ውድ ነበር።

ዶክተር ጁልያን በ1936 በቺካጎ ግሊደን በተባለ ኩባንያ ሥራ ጀመሩ። በ1940 ገደማ የአኩሪ አተር ዘይት ወዳለበት ትልቅ ታንክ ውሃ ሾልኮ ገባና ነጭ ነገር ረጋበት። ሌላ ሰው ቢሆን ዘይቱ ተበላሸ ብሎ ባዘነ ነበር። እርሳቸው ግን ከዚያ በፊት በሌላ ባቄላ ላይ ሲመራመሩ ይህንኑ አይተው ስለ ነበር፥ ስቲግማስቴሮል መሆኑን ወዲያው ዐወቁ። ከእርሱም ፕሮጄስትሮንን በብዛት ሠሩ፤ ዋጋውም ረከሰ።

ይህን ያህል ለሰው የጠቀሙ ሊቅ፥ በ1950 ኦክ ፓርክ በተባለ ሰፈር ቤት ቢገዙ፥ ጥቁር ናቸው ተብሎ ቤታቸውን ለማቃጠል ተሞከረ፤ በ1951ም ፈንጂ ተወረወረበት። እርሳቸው ግን ሰፈሩን አልለቀቁም። በ1973 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነው ተመረጡ፤ በ1975ም ዐረፉ።

ዛሬም ሐኪሞች እንቍላል በጊዜው ባለመለቀቁ የወር አበባ ለቀረባት ሴት ይህን ሆርሞን ወይም መሰሉን ለጥቂት ቀናት ይሰጧታል፤ መድኃኒቱን ስታቆም አበባዋ ይመጣል። እንግዲህ ውድ ተማሪዎች፥ ውሃው በአጋጣሚ ሾለከ፤ የረጋውን ለይቶ ለማወቅ ያበቃቸው ግን ተከልክለው በትግል ያገኙት ትምህርት ነው። እኛ በሩ ተከፍቶልን ሳለ ብንሰንፍ ምን ምክንያት እናቀርባለን?