ከከሰል ጉድጓድ እስከ ታሪክ መዝገብ

ታሪክ የለህም የተባለ ሕዝብ ምን ይመልሳል? ጥቁሩ አሜሪካዊ ካርተር ውድሰን ለዚህ መልስ ዕድሜያቸውን ሰጡ። በባርነት ኖረው ነፃ ከወጡ ወላጆች በ1875 እ.ኤ.አ. በቨርጂኒያ ተወለዱ። ድህነት ትምህርታቸውን እያቋረጠባቸው በዌስት ቨርጂኒያ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ሆኑ። እዚያም ማንበብ ለማይችል አንድ የሥራ ጓደኛቸው ጋዜጣ ያነቡለት ነበር። ይህ ሰው ባርነት በተሻረበት የርስ በርስ ጦርነት የተዋጋ ነበርና ውድሰን በቤቱ የሚወራውን ሁሉ ያዳምጡ ነበር። በመጽሐፍ ያልሰፈረ ታሪክ በሰው አፍ እንዳለ የተረዱት በዚያ ቤት ነው።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የገቡት በ20 ዓመታቸው ነው፤ ሆኖም በ1912 ከሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በታሪክ የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበሉ። በ1915 የጥቁሮችን ሕይወትና ታሪክ የሚያጠና ማኅበር በቺካጎ አቋቋሙ፤ በማግሥቱ ዓመት መጽሔት ጀመሩ፤ በ1926 የጥቁሮች ታሪክ ሳምንት እንዲከበር አደረጉ። ሳምንቱ በ1976 ወደ ወር ሲያድግ እሳቸው ካረፉ 26 ዓመት ሆኗቸው ነበር።

እኛ ተማሪዎች ማዕረጋቸውን ብቻ አናድንቅ። በየመንደራችን ብዙ የሚያውቁ፣ ግን ማንም ያልጠየቃቸው ሽማግሌዎች አሉ። ለዕረፍት ወደ ወላጆቻችን ስንሄድ ደብተርና እርሳስ ይዘን አጠገባቸው እንቀመጥ፤ እነሱ ሲያልፉ ያልተጻፈው አብሮ ይቀበራልና።