ቻርልስ ኬተሪንግና የዱኮ ቀለም

አሮጌ አውቶሞቢል ለእድሳት ወደ ቀለም ክፍል ሲገባ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ብርጭቆ ወረቀት ከማንሣቱ አስቀድሞ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ በቲነር ያርስና ከበሩ ጠርዝ ሥር ወይም ከኮፈኑ ውስጥ፣ ዐይን በማይደርስበት ቦታ፣ ለጥቂት ጊዜ ያሳርፈዋል። ቀለሙ ቀልጦ በጨርቁ ላይ ከወጣ ላከር ነው። ከተኮማተረና ካበጠ ኢናሜል ሊሆን ይችላል። ምንም ካልሆነ ግን መኪናው በኋለኛው ዘመን ከማድረቂያ ጋር ተዋሕዶ በሚረጭ ቀለም እንደገና ለመቀባቱ ምልክት ነው። ላከር ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ፣ በዚያ ጨርቅ ላይ የቀረው ነጠብጣብ የአንድን ሰው ታሪክ ይዞ ይመጣል።

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች በሙያችን ላይ አሻራውን ስለ ተወ አንድ ሰው እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ብዙዎች ሄንሪ ፎርድን እንደሚጠብቁ ዐውቄ ነበር። እኔ የመረጥሁት ግን ቻርልስ ፍራንክሊን ኬተሪንግን ነው። ከቀለም ጋር ውለን ለምናመሽ ሰዎች ከፎርድ ይልቅ እርሱ ይቀርበናል፤ ደግሞም ውለታው ብቻ ሳይሆን ዕዳውም ደርሶናል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልኝ።

ኬተሪንግ በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ ላውደንቪል በምትባል አነስተኛ ከተማ አጠገብ፣ ከገበሬ ቤተሰብ በ1876 ተወለደ። ከልጅነቱ ጀምሮ ዐይኑ ደካማ ነበር። ማንበብ ራሱን ያሳምመው ስለ ነበር ትምህርቱን እስከ ማቋረጥ ደርሷል። ጥቂት ጊዜ መምህር ሆኖ ሠራ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በዐይኑ ሕመም ምክንያት በወጣ ጊዜም ከስልክ መሥመር ዘርጊዎች ጋር ምሰሶ እየተከለና ሽቦ እየሳበ ቆየ። በኋላ ወደ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመልሶ፣ ጓደኞቹ መጽሐፉን እያነበቡለት፣ በ1904 በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመረቀ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ወደ ሃያ ስምንት ተጠግቶ ነበር። ይህን የምጽፈው አዘኔታ ለመቀስቀስ አይደለም። በመጽሐፍ ከተጻፈው ይልቅ በእጁ የዳሰሰውን የማመን ጠባዩ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

በዴይተን ከተማ ካሽ ሬጅስተር የተባለውን የገንዘብ መመዝገቢያ መኪና ለሚሠራ ኩባንያ ተቀጥሮ፣ በእጅ ይዞር የነበረውን መኪና በኤሌክትሪክ ሞተር አሠራው። ከዚያም በ1909 ከኤድዋርድ ዲድስ ጋር ሆኖ ደልኮ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። የመጀመሪያ ሥራቸው የተሠራው በአንድ ጎተራ ውስጥ ነበር። ሞተሪኖን ለዓለም ያተረፈው ይህ ጎተራ ነው። ከዚያ በፊት መኪና የሚነሣው በማኖቬላ ሲሆን፣ ሞተሩ ወደ ኋላ የመታ እንደ ሆነ የአሽከርካሪውን ክንድ ይሰብር ነበር። ዐዋቂዎች ነን የሚሉት ሞተር ለማስነሣት የሚበቃ ኤሌክትሪክ ሞተር እጅግ ግዙፍ መሆን አለበት ሲሉ፣ ኬተሪንግ ግን በካሽ ሬጅስተሩ ሥራ ያየውን አስታወሰ፤ ይኸውም ትንሽ ሞተር ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ከዐቅሙ በላይ ቢጫን እንደማይቃጠል ነው። በ1912 የካዲላክ መኪናዎች ሞተሪኖ ተገጥሞላቸው ለገበያ ወጡ። ደልኮ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጄነራል ሞተርስ እጅ ገባ፤ ኬተሪንግም ከ1920 እስከ 1947 የዚያ ኩባንያ የምርምር ክፍል ኀላፊ ሆነ።

አሁን ወደ ቀለሙ እንምጣ።

በዚያ ዘመን የአውቶሞቢል ቀለም አቀባብ ከሠረገላ ሠሪዎች የተወረሰ ነበር። ቀለሙና ቫርኒሹ የሚቀመሙት ከተልባ ዘይትና ከሙጫ ነው። መጀመሪያ የሥር ቀለም፣ ቀጥሎ ስቱኮ፣ ከዚያ በድንጋይ ዱቄትና በውኃ መፈግፈግ፣ ከዚያ ቀለም፣ ከዚያ ቫርኒሽ፤ በየመካከሉም የቀናት መጠበቅ አለ። ዘይቱ የሚደርቀው ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ በመሆኑ የሚቸኩል ነገር አልነበረም። አየሩ እርጥብ የሆነ እንደ ሆነ መጠበቁ ይረዝማል፤ ያልደረቀው ገጽም አቧራ ይይዛል። አንድ መኪና በዚህ ሁኔታ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይቆይ ነበር። በቀን አንድ ሺሕ መኪና የሚያወጣ ፋብሪካ ሃያ ቀን መጠበቅ ካለበት፣ ሃያ ሺሕ መኪና ከጣሪያ በታች ማቆም አለበት ማለት ነው። ፎርድ ችግሩን ያለፈው አስፋልት ያለበትን ጥቁር ኢናሜል በምድጃ እየጋገረ ነው፤ ከ1914 እስከ 1925 ሞዴል ቲ ጥቁር ብቻ የሆነውም ከሞላ ጎደል በዚህ ምክንያት ነው።

ኬተሪንግ ራሱ ደጋግሞ ያወራው የነበረ አንድ ታሪክ አለ። የቀለም ዐዋቂዎችን ሰብስቦ መኪና ለመቀባት ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ጠየቃቸው። ሠላሳ ሰባት ቀን አሉት። ምን ያህል ሊያጥር እንደሚችል ቢጠይቃቸው፣ ብዙ ከተደከመበት ሠላሳ ቀን ሊሆን ይችላል አሉት። እርሱ ግን አንድ ሰዓት እንደሚፈልግ ነገራቸው፤ ሳቁበትም። ኬተሪንግ ጨዋታ ዐዋቂ ሰው ስለ ነበር ታሪኩን እያሳመረ ሳይነግር አልቀረም፤ ጥያቄው ግን እውነተኛ ነበር። አንድ ቀን በኒው ዮርክ በአንድ መደብር መስኮት ያየው ትንሽ የእንጨት ዕቃ በላከር የተቀባ መሆኑን ተረዳ፤ የሚሠራበትን ቦታ ተከታትሎ አገኘ። ያ ላከር ግን በቶሎ መድረቁ ችግር ሆነበት፤ ሲረጭ ከብረቱ ላይ ሳይደርስ በአየር ላይ ዱቄት ይሆን ነበር።

መፍትሔው የተገኘው ከሌላ ወገን ነው። ዱፖንት የተባለው ኩባንያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከጥጥ የሚዘጋጀውን ፈንጂ ናይትሮሴሉሎስ በብዛት ያመርት ነበር፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ለዚህ ምርት ሌላ ጥቅም መፈለግ ግድ ሆነበት። በ1920 በኒው ጀርዚ ግዛት በፓርሊን ከተማ በሚገኘው ፋብሪካ፣ ሶዲየም አሴቴት የገባበት የናይትሮሴሉሎስ ውሕድ ለጥቂት ቀናት ሳይነካ ቢቆይ፣ እንደ ማር ወፍራም የነበረው ቀጥኖ ተገኘ። ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደ ሆነ የቀለም ሰው ቶሎ ይገባዋል። ወፍራሙ ውሕድ እንዲረጭ ብዙ ቲነር ስለሚጠይቅ፣ ቲነሩ ሲተን በብረቱ ላይ የሚቀረው ቀለም እጅግ ስስ ነው። በራሱ ቀጭን የሆነው ግን ብዙ ቀለም ተሸክሞ ከስፕሬይ ይወጣል። የዱፖንት ኬሚስቶችና የኬተሪንግ ክፍል አብረው ከሠሩበት በኋላ፣ ዱኮ ተብሎ በ1923 ለ1924 ሞዴል ኦክላንድ መኪናዎች በሰማያዊ ቀለም ተቀባ። ያ የመጠራጠር ዘመን ሲያልፍ፣ ኬተሪንግ አንድን ተጠራጣሪ የቀለም ነጋዴ ምሳ ጋብዞ፣ በምሳው ሰዓት የእንግዳውን መኪና በሌላ ቀለም አስቀብቶ እንደ ጠበቀው ይወራል።

የሳምንታቱ ሥራ የሰዓታት ሥራ ሆነ። ጥቁር ብቻ ይገዛ የነበረው ሰው ቀለም መምረጥ ጀመረ፤ በ1927 ጄነራል ሞተርስ በሃርሊ ኧርል መሪነት የሥነ ጥበብና የቀለም ክፍል አቋቋመ። በሌላ በኩል በብሩሽ ዕድሜውን የፈጀው የሠረገላ ቀቢ ጥበቡ በስፕሬይ ተተካ፤ የቀለም ክፍሉም ከአየር በሚከብድ፣ ለእሳት በሚቸኩል ትነት ተሞላ። በግድግዳና በወለል ላይ የሚጠራቀመው ደረቅ ናይትሮሴሉሎስ በአንድ ፍንጣሪ እንደሚነድ ያላዩ ቢኖሩ ባያዩት ይሻላቸዋል።

ላከር የሚደርቀው ቲነሩ ሲተን ብቻ ነው፤ ሌላ ለውጥ የለውም። ስለዚህ ሁለተኛው ርጭት የመጀመሪያውን ጥቂት አቅልጦ ከእርሱ ጋር አንድ ይሆናል። በአንድ በር ላይ የተደረገ ጥገና መገጣጠሚያው የማይታየው በዚህ ምክንያት ነው። ውፍረቱ ሲበዛ ግን ይሰነጠቃል፤ የሙቀትና የብርድ መፈራረቅም ስንጥቁን ያበዛዋል። የተሰነጠቀውን ላከር ሳይልጡ አዲስ ቀለም የረጩበት እንደ ሆነ ስንጥቁ ከሥር ተመልሶ ይወጣል። ደግሞም ወዲያው ሲረጭ ደብዛዛ ነው፤ አንጸባራቂነቱ የሚመጣው በመፈግፈግና በመወልወል ነው። የፋብሪካውን ጊዜ ያሳጠረው ይኸው ቀለም በእድሳት ክፍል ውስጥ እንደገና ቀርፋፋ ይሆናል፤ ምክንያቱም ቲነሩ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣና ቀለሙ መኮማተሩን እስኪጨርስ ለሳምንታት ሳይተውት የመጨረሻውን ውልወላ የሚያደርግ ሰው፣ የብርጭቆ ወረቀቱን ጭረት ከወር በኋላ በፀሐይ ላይ ያየዋል። ኬተሪንግ ይህን ቢሰማ ሳይስቅ የሚቀር አይመስለኝም።

በዚያው በ1923 ዓ.ም. ሌላ ቸኮል ያለ ሥራው ወደቀ። ራዲያተር የሌለው፣ በመዳብ ክንፎች በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ለሼቭሮሌ ሠርቶ ነበር። ከመኪናዎቹ ወደ መቶ የሚሆኑት ገዢዎች እጅ ከገቡ በኋላ በጉድለት ምክንያት እንዲመለሱ ታዘዘ፤ እርሱም እጅግ አዝኖ ከሥራው ለመልቀቅ እስከ መጠየቅ ደረሰ። አለቃው አልፍሬድ ስሎን አባብሎ አስቀረው። ይህ ውድቀት ግን ጉዳቱ የገንዘብና የክብር ብቻ ነበር።

የከፋው ቀድሞ ተጀምሯል። በኬተሪንግ ክፍል ይሠራ የነበረው ቶማስ ሚጅሊ በዲሴምበር 1921 የሞተርን መንኳኳት የሚያስቀር ቅመም አገኘ፤ ይኸውም ቴትራኤቲል ሌድ የተባለ የእርሳስ ውሕድ ነው። እርሳስ መርዝ መሆኑ ከጥንት የታወቀ ነው። በዚያው የምርምር ክፍል አልኮል ከቤንዚን ጋር ቢቀላቀል መንኳኳትን እንደሚቀንስም ይታወቅ ነበር፤ ሆኖም የእርሳሱ መጠን ጥቂት፣ ወጪው ትንሽ፣ ትርፉም በፓተንት የሚጠበቅ ስለ ነበር እርሱ ተመረጠ። በፌብሩዋሪ 1923 በዴይተን መሸጥ ጀመረ። በ1924 ቅመሙን ለመሸጥ በተቋቋመው ኩባንያ ኬተሪንግ ፕሬዚዳንት ሆነ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር በኒው ጀርዚ ቤይዌይ በተባለ ፋብሪካ አምስት ሠራተኞች አእምሯቸው ታውኮ ሞቱ፤ በሌሎችም ሥፍራዎች የሞቱ ነበሩ። በሜይ 1925 በዋሽንግተን በተጠራው ስብሰባ ኬተሪንግ ቆሞ ቅመሙን ተከላከለ። ጥቂት ወራት ብቻ ከፈጀ ምርመራ በኋላ በ1926 ሽያጩ ቀጠለ። ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች፣ የእኛም አገር ጭምር፣ ከእርሳስ ቤንዚን የተላቀቁት 2006 ሲገባ ነው፤ በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021 ተላቀቀች።

ይህን ሰው ክፉ ነበር ብዬ ለመጻፍ እጄ አልታዘዘልኝም፤ አላወቀም ነበር ብዬ ማለፍም አልችልም። ብዙ ጊዜ ያሰብሁት ነገር ይህ ነው፤ ቀለም ጉድለቱን አይሰውርም። ደካማ ከሆነ ፀሐይና ዝናብ በወራት ውስጥ ያጋልጡታል፤ ገዢው ይጮኻል፤ ፋብሪካው ያርማል። ሞተሩም እንዲሁ ነው። በሕፃን ደም ውስጥ የሚገባ እርሳስ ግን በገጽ ላይ አይታይም፤ የሚጮኽለትም ገዢ የለም። ኬተሪንግ የተማረበት መንገድ ሁሉ ሞክሮ ማየት ነበርና፣ በዐይን የማይታየው ነገር ከፈተናው ውጪ ቀረ።

እርሳስ ደግሞ በቤንዚን ብቻ አልመጣም። በአሮጌ መኪናዎች ቢጫና ብርቱካንማ ቀለም፣ በሥር ቀለማቸው፣ ባትላሜራዎች የብረት መገጣጠሚያ በሚሞሉበት ብየዳ ውስጥ ሁሉ ነበረ፤ ዛሬም በምንልጠው ገጽ ውስጥ አለ። በደረቁ የሚፈገፍግ ሰው አቧራውን ይተነፍሰዋል፤ በልብሱም ወደ ልጆቹ ይወስደዋል። በውኃ መፈግፈግ፣ ተገቢውን ጭንብል ማድረግ፣ የሥራ ልብስን በሥራ ቦታ ትቶ መሄድ ከባድ ነገር አይደለም። በወጣትነቴ በሠራሁበት ጋራዥ አፍንጫችንን በጨርቅ ብቻ አስረን እንውል ነበር፤ ጨርቁም ማታ የቀባነውን መኪና ቀለም ይዞ ይገኝ ነበር።

በኋለኛ ዘመኑ ኬተሪንግ በባቡር ላይ የእንፋሎትን ቦታ የወሰዱትን የናፍጣ ሞተሮች በማሻሻል ደከመ። በ1945 ከስሎን ጋር ስማቸውን የያዘውን የካንሰር ምርምር ተቋም በኒው ዮርክ አቋቋሙ፤ በሚቀጥለው ዓመት ባለቤቱ ኦሊቭ በዚያው በሽታ ሞተች። ከ180 በላይ ፓተንት በስሙ ተመዝግቦ፣ በኖቬምበር 1958 በሰማንያ ሁለት ዓመቱ በዴይተን ዐረፈ። በዚያን ጊዜ ጄነራል ሞተርስ ናይትሮሴሉሎሱን እየተወ ወደ አክሪሊክ ላከር በመሻገር ላይ ነበር። በእነዚያ ዓመታት የተሠራ መኪና ለእድሳት የገባ እንደ ሆነ ታዲያ ያ በቲነር የራሰ ጨርቅ ብቻውን አይበቃንም፤ ሁለቱም ይቀልጣሉና።