የመስኮቡ ሙዚቀኛ የሾስታኮቪች ታሪክ

ዲሚትሪ ሾስታኮቪች በፈረንጆች አቈጣጠር በ1906 ዓ.ም. በሶቪየት ዘመን ሌኒንግራድ በተባለችው በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ ተወለደ። አባቱ በ1922 ዓ.ም. ስለ ሞተ፥ ገና ተማሪ ሳለ ቤተ ሰቡን ለመርዳት በሲኒማ ቤት ፒያኖ ይመታ ነበር። የመጀመሪያው ሲምፎኒው በ1926 ዓ.ም. በተሰማ ጊዜ ዕድሜው 19 ዓመት ነበረ፤ ስሙም ብዙ ሳይቈይ በኤውሮፓ ተጠራ።

መከራውም የመጣበት በዚሁ በዝናው ነው። የምፅንስክ አውራጃ ሌዲ ማክቤት የተባለው ኦፔራው በ1934 ዓ.ም. ወጥቶ ሁለት ዓመት ያህል ሕዝቡን ደስ ሲያሰኝ ከቈየ በኋላ፥ በ1936 ዓ.ም. በጥር ወር ስታሊን ሊያየው መጥቶ ሳይፈጸም ተነሥቶ ሄደ። ከሁለት ቀን በኋላም ፕራቭዳ የተባለው የፓርቲው ጋዜጣ ጸሐፊው ስሙን ባላኖረበት አንቀጽ ሥራውን ክፉኛ ነቀፈው። እንዲህ ባለ አገዛዝ ስም የሌለው ጽሕፈት ስም ካለው ይልቅ ያስፈራል፤ ከማን እንደ መጣ ሁሉ ይገባዋልና። ትናንት ያመሰገኑት ዛሬ ይወቅሱት ጀመር። እርሱም አራተኛውን ሲምፎኒ ሙዚቀኞቹ እየተለማመዱት ሳሉ አስቀረው፤ እስከ 1961 ዓ.ም. ድረስም ሳይሰማ ተቀመጠ። ወዳጁና ደጋፊው ማርሻል ቱካቼቭስኪ በ1937 ዓ.ም. በጥይት ተገደለ። በዚያው ዓመት በኅዳር አምስተኛው ሲምፎኒ በተሰማ ጊዜ ብዙዎች አለቀሱ፤ ሲፈጸምም ግማሽ ሰዓት ያህል አጨበጨቡ። በዚያ ዓመት ከብዙ ቤት ሰው ተወስዶ ስለ ነበረ የልቅሶውን ምክንያት መጠየቅ አያስፈልግም።

በጦርነቱ ጊዜ ግን ያው መንግሥት ፈለገው። በ1942 ዓ.ም. ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከባ ሳለች፥ ከረኃብ የተረፉት ሙዚቀኞች ሰባተኛውን ሲምፎኒ በነሐሴ ወር መቱት። ይህም ሁሉ አላዳነውም፤ በ1948 ዓ.ም. ከፕሮኮፊየቭና ከካቻቱሪያን ጋራ እንደ ገና ተወግዞ ከመምህርነቱ ተሻረ። ከዚያ ወዲህ ለእንጀራው የሲኒማ ሙዚቃ እየጻፈ ከልቡ የወጣውን በመሳቢያ ያኖር ነበር። የመጀመሪያው የቫዮሊን ኮንቼርቶው የተሰማው ስታሊን በ1953 ዓ.ም. ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

በ1960 ዓ.ም. ወደ ፓርቲው መግባቱን ብዙዎች ይነቅፉበታል፤ ነቀፋውም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን በዚያው ዓመት በሦስት ቀን ውስጥ ስምንተኛውን ኳርቴት ጻፈ፤ መነሻ ዜማውንም የገዛ ስሙን ፊደላት ከሚያመለክቱ አራት ድምፆች ሠራው። በ1975 ዓ.ም. በሞስኮ ሞቶ በኖቮዴቪቺ መቃብር ተቀበረ። በድንጋዩም ላይ ከስሙ በታች እነዚያው አራት ድምፆች ተቀርጸዋል።