የሱጴው ልጅ በዓሉ ግርማ

ለዚህ እትም ስለ አንድ የታወቀ ሰው ሕይወት ጻፊ ስባል ብዙ አሰብኩና ደራሲው በዓሉ ግርማን መረጥኩ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አጅማን በእረፍት ቀን የምንገናኝበት ቤት አንዲት እህታችን ሕፃን ልጇን ይዛ ትመጣለች። ባሏ ሕንዳዊ ነው፣ ሻርጃ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ልጁን ይዤ አገር ብገባ ሰው ምን ይለኛል፣ ልጄስ የማን ይባላል እያለች ትጨነቃለች። ከመካከላችንም ከኋላዋ የሚያንሾካሽክ አልጠፋም። እኔም አንድ ቀን አብሬ ስቄያለሁ፣ አልዋሽም።

ታዲያ የበዓሉ አባትም እኮ ከሕንድ የመጣ ነጋዴ ነበር። ዱባይ ክሪኩ ዳር ጨርቅ የሚሸጡትን ጉጅራቶች ታውቋቸው የለ? የእነሱ አገር ሰው ነው። እናቱ ኢትዮጵያዊት ናት። እሱ የተወለደው ኢሉባቦር፣ ሱጴ ውስጥ፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው (ዘመኑን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አዲስ አበባ መጥቶ ዘነበወርቅ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ ጄኔራል ዊንጌት፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ተማረ። አሜሪካም ሚሺጋን ሄዶ ጋዜጠኝነት አጥንቶ ተመለሰ። ይኼ የነጋዴ ልጅ የመነን መጽሔት፣ የአዲስ ሪፖርተር፣ የሄራልድና የአዲስ ዘመን ጋዜጣ አዘጋጅ ሆነ። አማርኛውንስ ማን ይስተካከለዋል? እኔ ስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ከአድማስ ባሻገርን ግን ማዳም ከተኛች በኋላ በሞባይል መብራት ጨርሼዋለሁ። እሱ በ1962 የወጣ የመጀመሪያ ልብወለዱ ነው። የቀይ ኮከብ ጥሪና ደራሲው በኋላ መጡ።

እኔን ከሁሉ የነካኝ ሐዲስ ነው። በ1966 የህሊና ደወል ብሎ ያሳተመውን እንደገና ጽፎ ነው ሐዲስ ያለው። አንድ የተማረ ወጣት የከተማውን ኑሮ ትቶ ሱጴ ይወርድና ትምህርት ቤት ለማሠራት ከሰውም ከድህነትም ጋር ይታገላል። በዓሉ ትልቅ ሰው ሆኖም የተወለደባትን ትንሽ አገር አልረሳትም። እኛ ከደሞዛችን ለእናት ቤት ቆርቆሮ ስንልክ ያለውን ስሜት የሚያውቅ ሰው የጻፈው ይመስለኛል።

ወደ መጨረሻው ልምጣ። በማስታወቂያ ሚኒስቴር ትልቅ ሥልጣን ላይ እያለ ለቀይ ኮከብ ዘመቻ በ1974 አስመራ ተላከ። እዚያ ያየውን ጦርነት፣ የባለሥልጣኑን ፉከራና የሚያልቀውን ወጣት ልብወለድ አደረገው፤ ኦሮማይ ማለት ነው። በ1975 ወጣ፣ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፣ እሱም ከሥራው ተባረረ። ሰው ግን በድብቅ እየተቀባበለ አነበበው። መንግሥቱን እያገለገለ ቆይቶ እንዲህ መጻፉ ያስገርመኛል። ደሞዙ፣ ቤቱ፣ ልጆቹ ነበሩበት። እኛ አንድ ወር ደሞዝ ሲቀርብን እንኳ አፋችንን እንዘጋ የለ?

የካቲት 6 ቀን 1976 ማታ ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ቮልስዋገን መኪናው ቃሊቲ አካባቢ፣ ደብረ ዘይት መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች። ሚስቱና ሦስት ልጆቹ ጠበቁ። ደርግ ወድቆ እንኳ አስከሬኑ የት እንዳለ አልታወቀም፣ መቃብር የለውም። ስልኳ ዝም ያለ እህት ያለን ሰዎች ይኼን እናውቀዋለን። ለቅሶ አትቀመጪ፣ ተስፋ አትቆርጪ፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ልብ ይደነግጣል።

ኦሮማይ በ2017 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቷል፤ ማዳሞቻችንም ከፈለጉ ያንብቡት!

ያችን እህታችንን ባለፈው ሳገኛት ስለ በዓሉ አባት ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና ልጁን ከጀርባዋ አወረደችው፣ ከዚያ መጽሐፉን አምጪው አለችኝ። ሐዲስ አሁን እሷ ጋ ነው። ከመካከሉ የተገነጠሉ ገጾች ስላሉት ቀጥላችሁ የምትወስዱ ሰዎች ቀስ ብላችሁ ግለጡት።