ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና የእኛ መንገድ

ባኬ ጃማ እያልን ከምንጠራት ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለመሐንዲስ ይህ የመንገድ ርዝመት ነው፤ ምጥ ለጠናባት የገጠር እናት ግን፣ ከዚህ እጅግ ያነሰ ርቀት እንኳ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ይሆናል። ይህን ከማንም ይልቅ የተረዱት ሐኪም ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን ነበሩ።

ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1908 በኒውዚላንድ ተወለዱ። በሲድኒ ከተማ በአንድ የሴቶች ሆስፒታል በኃላፊነት ሲሠሩ ከዶክተር ካትሪን ኒኮልሰን ጋር ተዋውቀው በ1950 ተጋቡ። በ1959 ባልና ሚስቱ አዋላጆችን ለማሠልጠን በሦስት ዓመት ውል አዲስ አበባ፣ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ገቡ። ውሉ የሦስት ዓመት ቢሆንም ኑሯቸው የዕድሜ ልክ ሆነ።

በዚያም ከዚህ ቀደም አይተውት የማያውቁት ጉዳት ገጠማቸው፤ ይኸውም ፌስቱላ ነው። ምጥ ለቀናት ሲራዘም የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን ፊኛ ከዳሌ አጥንት ጋር ስለሚያጣብቀው ደም ይቋረጥበታል፤ የሞተው ሥጋ ሲወድቅ ፊኛው ይሸነቆራል፤ ሽንቱም ያለማቋረጥ ይፈሳል። ሴቲቱ ብዙውን ጊዜ ልጇን ታጣለች፤ ቀጥሎም ትዳሯንና የጎረቤቷን ፊት።

ሐምሊን የግብፃዊውን የፕሮፌሰር ናጊብ ማሕፉዝን ጽሑፎችና ሥዕሎች እያጠኑ ከባለቤታቸው ጋር ጥገናውን ተካኑበት። ጠባሳውን ማላቀቅ፣ የፊኛውን ጠርዝ ሳይወጠር መግጠም፣ በላዩም ደም ያለው ሥጋ መደረብ ነበረባቸው። የተወጠረ መጋጠሚያ እንደማይጸና እኛም በሙያችን እናውቀዋለን። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ብቻ 300 ያህል ሴቶችን አከሙ። በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ አገሪቱ በለውጥ ማዕበል ውስጥ ሳለች፣ የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ።

ከሁሉ የሚደንቀው እውቀታቸውን አለመሰሰታቸው ነው። ታካሚያቸው የነበሩትን፣ የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡትን ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼን አጠገባቸው አቁመው ቀዶ ጥገና አስተማሯቸው። በ1989 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የቀዶ ሕክምና ኮሌጅ የወርቅ ሜዳይ ለሐምሊኖችና ለማሚቱ በአንድነት ተሰጠ።

ሐምሊን በ1993 ዐረፉ። ባለቤታቸው ሥራውን ይዘው ቆይተው በ2020 ተከተሏቸው። ዛሬ ለምዕራቡ አገር በመቱ የሕክምና ማእከል አለ። ይሁን እንጂ ቀዶ ሐኪም የሚጠግነው ከደረሰ በኋላ ነው፤ ጉዳቱ እንዳይደርስ የሚያደርጉት ግን አዋላጅና መንገድ ናቸው። አዋላጇን ማሠልጠን የሌሎች ድርሻ ነው። ክረምት ሲገባ ወንዝ ከሐኪም በሚለየው ቀበሌ ላይ ድልድይ ማቆም ግን፣ ባልደረቦቼ፣ የእኛ ዕዳ ነው።